ትል ቆጣሪዎቹና የታችኛው ጣቢያ ድንጋዮች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተቆጡኝ ጠርሙስ በሳሙና በማጠቤ ነው። እንጅባራ ሁለት ክፍል ባለው የውኃ ጥራት ላቦራቶሪ በናሙና ሰብሳቢነት ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ አራት ጠርሙስ አስይዘው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ምንጭ ቀድቼ እንድመጣ ላኩኝ። እኔም ባለሙያ ለመምሰል ጠርሙሶቹን በዱቄት ሳሙና ፈትጌ፣ ሞልቼ፣ ጠረጴዛቸው ላይ በኩራት ደረደርኳቸው።

አለቃዬ አንዱን አንስተው ነቀነቁት። አረፋ ሠራ። «ልጄ፣ የምንመረምረው ምንጩን ነው ወይስ ሳሙናሽን?» አሉኝ። በመጣሁበት እግሬ መለሱኝ። ጠርሙስ የሚለቀለቀው በዚያው በሚቀዳው ውኃ እንደሆነ፣ ሦስት ጊዜ እንደሆነ፣ ክዳኑም አብሮ እንደሚለቀለቅ ያን ቀን ተማርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ካልሲዬ በስብሶ፣ ሆዴ ባዶ ሆኖ ነበር። ቁጣው ግን እስከ ጡረታዬ ጠቅሞኛል።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ውኃ ቀድቻለሁ። ከናሙና ሰብሳቢነት ወደ ጀማሪ ቴክኒሻን፣ ከዚያም እስከ ከፍተኛ ቴክኒሻን ደረስኩ። ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ ያላንበረከከኝ ምንጭ ጥቂት ነው። ጥርባ ሐይቅ ዳር አዳልጦኝ ከነቴርሞሜትሩ የገባሁበትን ቀን የሥራ ጓደኞቼ ሠርግ በተጠሩ ቁጥር ያወሩታል። ይሁን፣ ያውሩት።

አሁን የምጽፈው ግን ስለ መጨረሻው ዓመት ነው። ከእኔ በኋላ የመጣችሁ ቴክኒሻኖች ነገሩን በወሬ ሰምታችሁታል። ወሬው ደግሞ እኔን ያሳምረኛል፤ እውነቱ አያሳምረኝም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ አንድ ሥልጠና ላይ አዲስ ነገር ተማርኩ። ውኃ ቀድተህ ብትመረምር የሚነግርህ የዛሬን ነው። ትናንት ምን እንደፈሰሰበት አይነግርህም። ወንዝ ውስጥ ከድንጋይ ሥር ተጣብቀው የሚኖሩት ትናንሽ ፍጥረታት ግን እዚያው ነው ከርመው የሚያድጉት። ውኃው ከተበላሸ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ድንጋይ ታነሳለህ፣ ከሥሩ ያለውን ትቆጥራለህ፣ የወንዙን የወር ኑሮ ታውቃለህ። ነገሩ ልቤን ወሰደው። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው «ውኃ ይዋሻል፣ ትል አይዋሽም» እያልኩ ሰው አሰለቸሁ።

መሥሪያ ቤቱ ለዚህ የሚሆን ሠራተኛ አልነበረውም። ፈቃደኛ ፈልጌ አሥራ አንድ ሰው አገኘሁ። ከእነሱ ዋናው መምህር ዳኛቸው ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል፣ ጽሑፉ ጥርት ያለ ስለሆነ ቅጹን እሱ ይይዛል። ሌሎቹ የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ነርሶች፣ ጡረተኛ ፖስተኛ እንዲህ ያሉ። ሦስቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። ከእነሱ ታላቁ አያ ጥሩነህ ይባላሉ፤ የዚያ ሰፈር የውኃ አባት ናቸው። የመስኖ ውኃ ለማን በየትኛው ቀን እንደሚደርስ የሚደለድሉት እሳቸው ናቸው።

የወንዙን ስም አልጽፍም። በዚህ ታሪክ የተጎዳችው ሴት አሁንም እዚያው ናት፤ ስሟን ሁለተኛ ጊዜ የሰው አፍ ውስጥ አልከትም። ደብሬ እያልኩ እጠራታለሁ፣ ስሟ ግን ደብሬ አይደለም።

ዕቃችን ብዙ አልነበረም። ባለእጀታ መረብ፣ ሁለት ነጭ ሳፋ፣ ፒንሴት፣ አጉሊ መነጽር፣ ቴርሞሜትር፣ የአሲድ መለኪያ ወረቀትና እርሳስ። በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል። ሳፋው ነጭ የሆነው ትሉ እንዲታይ ነው። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ቀን የቤቱን ቀይ ሳፋ ይዞ መጥቶ ግማሽ ሰዓት አንድም ትል ሳያይ ተቀምጦ ነበር።

ሕጉን እኔ አወጣሁ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚኬደው፣ አለበለዚያ እግርህ የሚያነሳው ደለል የምትቆጥርበትን ያደፈርሰዋል። ውኃው ከጉልበት በላይ ከሆነ አይገባም። በየጣቢያው ሃያ ድንጋይ ይነሣል። የተነሣ ድንጋይ በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት ጎኑ ይመለሳል፤ ለእኛ ድንጋይ ነው፣ ለእነሱ ቤት ነው። ይህን አራት ሕግ አያ ጥሩነህ እንኳ ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውት ነበር።

የፍጥረታቱን ስም ፈቃደኞቹ ራሳቸው አወጡ። ባለሦስት ጭራ፣ ባለሁለት ጭራ፣ ቤት ሠሪ። ቤት ሠሪ ማለት አሸዋና ጭራሮ አጣብቆ ጎጆ ሠርቶ የሚዞር ትል ነው። እነዚህ ሦስቱ ንጹሕ ውኃ ይወዳሉ። ቀይ ትልና አልቅት በበዙበት፣ እነዚህ በጠፉበት ወንዙ ታሟል ማለት ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳፋችንን አይተው «ትል ቆጣሪዎቹ መጡ» ይሉን ጀመር። ስሙ ጸናብን።

ቀኑን መምረጥ አስቸጋሪ ሆነ። ገበሬዎቹ በሥራ ቀን አይመቻቸውም፤ የከተማዎቹም ሥራ አላቸው። ሁሉም ባዶ እጁን የሚውልበት ቀን በዓል ብቻ ነው። ስለዚህ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። አያ ጥሩነህ ግን በበዓል ድንጋይ ማንሳት ሥራ ይሆን እንደሆነ የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። ቄሱ ትቆፍራላችሁ ወይ አሏቸው፤ አይ። ታጭዳላችሁ? አይ። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ድንጋይ አንስተን ትል ቆጥረን ድንጋዩን እንመልሳለን። ቄሱ ጥቂት አሰቡና «ይህ ሥራ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ» አሉ። ፈቃድ አገኘን።

ጣቢያ የመረጥነው በጥቅምት፣ ወንዙ ገና ሙሉ ሳለ ነው። ላይኛው ጣቢያ ከድልድዩ በላይ ነው። ታችኛው ከድልድዩ ብዙ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ሰፋ የሚልበት የጥቁር ድንጋይ ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ ጠበብ ያለ ጥልቅ መስመር አለ፤ ከጉልበት በላይ ስለሆነ በሕጋችን አይገባበትም። የምንቆጥረው ዳርና ዳሩን ነው። ከድልድዩ ወደ ታች የምንሄድበት መንገድ ዳሩን አይከተልም። ወንዙን ትቶ ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ውስጥ ያልፍና ታች ላይ ነው የሚመለሰው። ይህን መንገድ ልብ በሉልኝ።

በኅዳር ታችኛው ጣቢያ ያነሣነው ድንጋይ ሁሉ ነዋሪ ሞልቶበታል ማለት ይቻላል። ሳፋው ውስጥ ባለሦስት ጭራ ይተራመስ ነበር። መምህር ዳኛቸው እርሳሱ አለቀበት። በታኅሣሥም ደህና ነበር።

ደብሬ ድልድዩ ሥር የመኪናና የባጃጅ እጥበት የከፈተችው ገና ሰሞን ነው። አንድ የውኃ ፓምፕ፣ ሁለት በርሜል፣ አብረዋት የሚሠሩ ሁለት ሴቶች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከዳንግላ መጥታ የጀመረችው ሥራ ነበር፤ እሷንም ልጇንም የሚያሳድረው እሱ ብቻ ነው። ስናልፍ ሰላም ትለን ነበር። በማርያም ግን እጥበቱ ይዘጋል፤ እሷም ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትውለው።

በጥር የታችኛው ጣቢያ ፍጥረት ከግማሽ በታች ወረደ። በየካቲት ከሃያ ድንጋይ ሥር ያገኘነው ሦስት ቀይ ትልና አንድ አልቅት ብቻ ሆነ። ላይኛው ጣቢያ እንደነበረ ነው። ውኃው በሁለቱም ቦታ ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ ሙሉ ነው፣ የአሲድ መለኪያውም ምንም ክፉ ነገር አይልም። መምህር ዳኛቸው አንዱን ድንጋይ አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ይኼ ድንጋይ እኮ ታጥቦ የተደፋ ሳህን ይመስላል። አረንጓዴ ልጋግ እንኳ የለውም» አለኝ። ልጋጉ ራሱ ሞቷል ማለት ነው አልኩት። ያኔ አያ ጥሩነህ አጠገባችን ቆመው ነበር።

እኔ ወዲያው ደመደምኩ። ላይ ደህና፣ ታች ሙት፣ መሐል ላይ ሳሙናና የሞተር ዘይት። በገና ተከፈተ፣ በጥር ትሉ አለቀ። ውኃው ጥሩ መስሎ የታየን በበዓል ስለምንመጣ ነው፤ በሥራ ቀን መርዙ ይወርዳል፣ ውኃው ይደብቃል፣ ትሉ ግን አይደብቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ግልጽ ውጤት አይቼ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት።

ሪፖርቱ አራት ገጽ ነበር። ቡድን መሪው አቶ ሙሉቀን ወጣት ነው፣ ሰው ያከብራል፣ ወረቀት ግን ቶሎ ይፈርማል። አንብቦ «ወይዘሮ አለምነሽ፣ ይኼ ነገር እርግጥ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ትል አይዋሽም አልኩት። ደብዳቤው ወደሚመለከተው ክፍል ሄደ። በሳምንቱ የደብሬ ፓምፕ ቤት በወረቀት ታሸገ፤ ማኅተም ተመታበት። ማስታወቂያውም ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ወንዝ በመበከል የሚል ቃል ነበረበት። ያ ቃል የእኔ ነው፤ ከሪፖርቴ ነው የገለበጡት።

ደብሬ መሥሪያ ቤት የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች፣ ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም። ባጃጆቹ በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ አጣቢ ዘንድ እንደሄዱ፣ ሁለቱ ሴቶች ቤታቸው እንደተቀመጡ ነገረችኝ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ደህና ነበር። ቀጥላ ልጇን ትምህርት ቤት የመርዟ ልጅ እያሉ እንደሚጠሯት ስትናገር ግን ድምፅዋ ተቆረጠ።

ከዚያ «እትዬ፣ እርስዎ የሚመጡት ሁልጊዜ በማርያም ነው። እኔ በማርያም አልሠራም። አንድ ቀን እንኳ ስሠራ አይተውኝ ያውቃሉ?» አለችኝ።

አላውቅም። ይህን ግን አልመለስኩላትም። ጉዳዩ የቴክኒክ ነው፣ ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወጣች። እንዲህ ያለ መልስ ሰው ሲመልስ ሰምቼ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ። ያን ቀን ከእኔ አፍ ወጣ።

ጥያቄዋ ግን አላስተኛኝ አለ። የምትለውን አምኜ አይደለም፤ ጥፋቷን አጠናክሬ አፏን ለመዝጋት ነው። ከድልድዩ ሥር ካለው አፈር የዘይት ናሙና ልውሰድ፣ እግረ መንገዴንም ታችኛውን ጣቢያ ልይ ብዬ በመጋቢት፣ ረቡዕ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። በዚያ ወንዝ ላይ በሥራ ቀን ስወርድ ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

የድልድዩን ናሙና ወስጄ በዲከረንሱ መሐል አልፌ ታች ስደርስ መንገድ የሳትኩ መሰለኝ። ወንዝ የለም። የጥቁር ድንጋዩ ሜዳ ደርቆ ፀሐይ ይሞቃል። መሐል ላይ ያ ጥልቅ መስመር ብቻ እንደ ቦይ ቀጥኖ ይወርዳል። በየካቲት ጉልበቴ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ ያነሳኋቸው ድንጋዮች ላይ እንሽላሊት ይሮጣል። አንዱን ድንጋይ አነሳሁት። ሥሩ አቧራ ነበር።

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። መምህር ዳኛቸው ታጥቦ የተደፋ ሳህን ያለው ትዝ አለኝ። ከዚያ ዛፉን ትቼ የወንዙን ዳር ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ከአምስት ወር በፊት መሄድ የነበረብኝ በዚያ ነበር።

ከድልድዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወንዙ በድንጋይና በሣር በተሠራ ጎዘን፣ ማለትም በትንሽ ግድብ፣ ተጠልፎ ወደ ግራ፣ ወደ ድንቹና ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ይገባል። ጎዘኑን በአካፋ የሚጠቀጥቁት አያ ጥሩነህ ነበሩ። ሲያዩኝ ዛሬ ማርያም ነው እንዴ ብለው ቀለዱ። እኔ ቀልድ የምሰማበት አልነበርኩም። ይኼ ውኃ መቼ ነው የሚጠለፈው አልኳቸው።

ከገና ወዲህ በየሥራው ቀን ነው አሉ። በበዓል ግን ዋዜማውን አመሻሽ ላይ ይከፍቱታል፤ በማርያም፣ በሚካኤል፣ በእሑድ ማን ማሳ ያጠጣል? ወንዙ ያኔ ሞልቶ ያድራል። በዓሉ ባለፈ ማግስት ጠዋት ተመልሰው ይዘጉታል።

«ታዲያ አያ፣ ይህን ሁሉ ወር አብረውን ሲቆጥሩ ለምን አልነገሩኝም?»

አካፋቸውን ተክለው ተደገፉበት። «አለምነሽ፣ አንቺ የውኃ ባለሙያ ነሽ። ወንዝ በሥራ ቀን ይጎድላል፣ በበዓል ይሞላል ብዬ ለአንቺ ልንገርሽ? ይህን እኮ ከብቱም ያውቀዋል። እኔማ የምትቆጥሪው ያንን አውቀሽ መስሎኝ።»

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ትሉ አልዋሸም። ያ ድንጋይ በወር ውስጥ ሃያ ቀን ደረቅ ነው፤ ማን ይኑርበት? ትሉ የነገረኝ ይህንኑ ነው። በዋዜማው ውኃ ሲለቀቅ እኛ በማግስቱ ቅዳሴ ወጥተን እንመጣለን፣ ሙሉ ወንዝ እናያለን፣ ትናንት የደረቀውን ድንጋይ እናነሳለን፣ ባዶ ነው ብለን እንጽፋለን። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቀው መሐለኛው መስመር ደግሞ እኛ በምንመጣበት ቀን ስለሚሞላ ከጉልበት በላይ ይሆንና ራሴ ባወጣሁት ሕግ ከልክዬዋለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው እንጀራ ነው።

አያ ጥሩነህም ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ። ከጎናቸው ለነበረው ገበሬ በአዊኛ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። ጥፋቱ የሴትዮዋ ካልሆነ የእኛ ሊሆን ነው? ነገ ደግሞ የእኛን መጥለፊያ ልታሽጉ ነው? የጠየቁት በቁጣ አይደለም። ፈርተው ነበር። አርባ ያህል ቤት የሚበላው ከዚያ ውኃ ነው። በእኔ ወረቀት ሰው እንዲህ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። የምጽፈው ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ነው አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ አቶ ሙሉቀን ዘንድ ገባሁ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ደብዳቤው እንደወጣ፣ ማኅተም እንዳረፈበት፣ መሥሪያ ቤቱ ተሳሳትኩ ቢል ነገ ማንም እንደማያምነው ነገረኝ። ሴትዮዋ ቅሬታ ታቅርብ፣ ቀስ ብሎ ይታያል አለ። ክፋት የለበትም፤ ፍርሃት ነው። «እርስዎም ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። በዚህ ስም ነው የሚወጡት?» አለኝ።

«በዚህ ስም ነው የምወጣው፤ ሥራዬ ነው» አልኩት።

እዚያው ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ታችኛው ጣቢያ የተመረጠው የመስኖ መጥለፊያው ሳይታይ ነው። የተቆጠሩት ድንጋዮች በሥራ ቀን ደረቅ ናቸው። ስለዚህ ሪፖርቱ ስለ እጥበቱ ምንም አያሳይም፣ ስህተቱም የእኔ እንጂ የፈቃደኞቹ አይደለም። ስሜን ሙሉውን ጻፍኩና ፈረምኩ። አቶ ሙሉቀን ሁለት ጊዜ አነበበው። ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ከግርጌው ላይ «ትክክል ነው» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሱ ክፉ ስናገር የሰማኝ የለም።

ከዚያ ቅዳሜ ፈቃደኞቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ነርሶቹ አለቀሱ፣ ልብስ ሰፊው ተቆጣ። መምህር ዳኛቸው ድንጋዩ ባዶ መሆኑን አይቶ አለመጠየቁን እያነሳ ራሱን ሲወቅስ ተወው አልኩት። በሚቀጥለው ረቡዕ ሦስት ሆነን በሥራ ቀን ቆጠርን። በዚህ ጊዜ ከእጥበቱ በታች፣ ከመጥለፊያው በላይ፣ በማይደርቀው ቦታ ነበር። ባለሦስት ጭራውም ቤት ሠሪውም አለ። ከእጥበቱ ሥር ባለው ሠላሳ እርምጃ ላይ ግን ቁጥራቸው አነስ ብሏል፤ ቀይ ትልም አለ። ይህንንም ጻፍነው። ሰው በድያለሁ ተብሎ በዓይን የታየ አይደበቅም። ደብሬ በኋላ የእጥበቱ ውኃ በአሸዋና በከሰል ተጣርቶ የሚወርድበት ጉድጓድ አስቆፈረች። ከሰል እንደሆነ በእኛ አገር ሞልቷል።

እሽጉ የተነሳው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ላይ ማንም አልነቀለውም፤ ዝናብ እስኪነቅለው ይጠበቅ ነበር መሰለኝ። ራሴ ሄጄ የእርማት ደብዳቤዬን ከላዩ ላይ ለጠፍኩት። ቆመው ያነበቡ አሉ፣ ሳያነቡ የሄዱ ይበዛሉ። ለማሸግ አንድ ሳምንት በቃ። ስም ለመመለስ ግን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እኔ አላውቅም።

ቀሪው ይቅርታ ነበር። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ደጅ የሚቆመው። አያ ጥሩነህ ሽማግሌ እንላክልሽ፣ አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፣ ሴትም ነሽ፣ ድንጋዩ ይቅር አሉ። አይቀርም አልኳቸው። ታችኛው ጣቢያ ወርጄ በየካቲት ካነሳኋቸው አንዱን መረጥኩ። ትልቅ አይደለም፣ እንደ ሁለት ዳቦ ነው። ትከሻዬ ላይ አድርጌ በዲከረንሱ መንገድ ሳይሆን በወንዙ ዳር ወጣሁ። አያ ጥሩነህና መምህር ዳኛቸው ከኋላዬ መጡ።

ደብሬ አንድ ባጃጅ እያጠበች ነበር፤ ያን ቀን የመጣላት እሱ ብቻ ነው። ልጇ የፓምፕ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች። ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። የምለውን ተዘጋጅቼበት ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። በደልኩሽ፣ ሳላይሽ ጻፍኩብሽ አልኩ፤ ሌላ አልወጣኝም። አለቀስኩ።

ደብሬ ፓምፑን አጠፋች። ልጇን ጠራቻት። ልጅቷ ስትመጣ ትከሻዋን ይዛ ወደ እኔ አዞረቻት።

«ለእሷ ይንገሯት» አለችኝ። «የመርዟ ልጅ አይደለሽም ብለው በአፍዎ ይንገሯት።»

ነገርኳት። ልጅቷ ድንጋዩን አየችና ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከወንዙ አልኳት። ደብሬ ያኔ ነው ድንጋዩን ከትከሻዬ ያነሳችው። ወገብዎን አለች ለራሷ እንደሚናገር ሰው፣ ቀጥላም ይቅር ብያለሁ አለች፣ ድንጋዩንም የበርሜሏ ክዳን በነፋስ እንዳይሄድ ከላዩ ጫነችው። ባጃጅ ነጂው ይህን ሁሉ አየ። ማምሻውን ሌሎች ሁለት ይዞ ተመለሰ ብለው በኋላ ነገሩኝ።

ገበሬዎቹ ያን ዓመት ስብሰባ አድርገው ከመጥለፊያው ጎዘን አንድ ስንዝር ያህል ክፍት እንዲተው ተስማሙ። አያ ጥሩነህ የውኃ ተራ ሲደለድሉ ከሰው ስም ሁሉ በኋላ «ትሎቹም» ይሉና ሰው ይስቃል። ጡረታ ስወጣ ታችኛው ጣቢያ ዳሩ ላይ ባለሦስት ጭራ ተመልሶ ነበር። ብዙ አይደለም፣ ግን ነበር። መምህር ዳኛቸው አሁንም ይቆጥራል፤ አንድ ወር በበዓል፣ አንድ ወር በሥራ ቀን።

ድንጋዩ እስከ ዛሬ የደብሬ በርሜል ላይ ነው። ሰሞኑን ሳልፍ አየሁት። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ከወንዝ አንስቼ በነበረበት ያልመለስኩት እሱን ብቻ ነው።

ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት ትናንት ውኃ ውስጥ ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁት ሰው አጠገባችሁ ቆሟል።